ያበጠው ፉዙሊኒድ፦ ሽዋገሪና ነው ወይስ ሱዶሽዋገሪና?

ክፍልፋይ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ግራ የገባኝ ነገር አለ፤ የምታውቁ እርዱኝ።

አንድ የቆየ የቅሪተ አካል ክምችት እያደራጀሁ ነው። አንዱ መሳቢያ ውስጥ መስታወት ላይ የተለጠፉ ስስ የኖራ ድንጋይ ቁራጮች አገኘሁ፤ ሁሉም ፉዙሊኒዶች ናቸው። ለማያውቅ ሰው ለመንገር ያህል፣ ፉዙሊኒዶች የፎራሚኒፌራ ወገን ናቸው። ባለ አንድ ሕዋስ የባሕር ፍጥረታት ነበሩ፤ ዛሬ አንድም የቀረ የለም። አንድ ሕዋስ ብቻ ሆነው ሳለ ዛጎላቸው ያለ ማይክሮስኮፕ ይታያል። ከፊቴ ያለው ራሱ 8 ሚሊሜትር ያህል ይሆናል።

ሁለቱን ልግለጽላችሁ።

ናሙና «ሀ» ያበጠ ነው፤ ክብ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ውስጠኞቹ ዙሮች ጥብቅ ብለው ተጠቅልለዋል። እዚያ ጋ ከመሃለኛው መተላለፊያ ግራና ቀኝ ጥቁር ወፍራም ጉብታ አለ። ከዚያ ዙሩ ድንገት ይሰፋል። የውጪዎቹ ክፍሎች መከለያ፣ ማለትም ክፍልን ከክፍል የሚለየው ግድግዳ፣ ቀጥ ያለ ነው፤ ጫፍና ጫፉ ላይ ብቻ ትንሽ ይጠማዘዛል።

ናሙና «ለ» ረዘም ያለ፣ እንዝርት መሰል ነው። መከለያዎቹ የታጠፉ ናቸው፤ ጉብታም አይታየኝም። አቆራረጡ ግን ትክክል አይመስለኝም።

የሁለቱም መለያ ወረቀት ላይ በድሮ የእጅ ጽሑፍ «ሽዋገሪና» ተብሏል። «ሀ» ላይ እንዲያውም «ሽዋገሪና ፕሪንሴፕስ» ነው የሚለው። ያለኝ መጽሐፍ ደግሞ ያበጠውን ሱዶሽዋገሪና፣ እንዝርት መሰሉን ሽዋገሪና ይለዋል። የትኛውን ልከተል?

ስስ_ቁራጭ፦

ወንድሜ፣ አገላለጽህ ጥሩ ነው። ብዙ ሰው ፎቶ ለጥፎ «ምንድን ነው?» ብሎ ይሄዳል። አንተ ግን ማየት ያለብህን ነገር አይተሃል።

ከመመለሴ በፊት አንድ ጥያቄ አለኝ። የ«ሀ» ቁራጭ የመጀመሪያዋን ክፍል ይነካል? መሃል ላይ ትንሽ ክብ ነገር ትታያለች? እሷ ከሌለች ስለ ውስጠኞቹ ዙሮች የምንለው ሁሉ ግምት ነው።

ክፍልፋይ፦

አዎ፣ በ«ሀ» ላይ ክቧ ቁልጭ ብላ ትታያለች። «ለ» ላይ የለችም። የተቆረጠው ወደ ጎን ወጣ ብሎ ነው መሰለኝ።

ስስ_ቁራጭ፦

እንግዲያው ስለ «ሀ» መናገር እንችላለን፤ «ለ» ይቆየን።

በዚህ ቡድን ውስጥ ጂነስ (የሚቀራረቡ ዝርያዎች የሚመደቡበት ወገን) ከጂነስ የሚለየው በውጪው ቅርጽ አይደለም። ወሳኞቹ አራት ነገሮች ናቸው። አንደኛው የግድግዳው አሠራር ነው። ሁለተኛው ዛጎሉ እያደገ ሲሄድ የጥቅሉ መጥበቅና መስፋት ነው። ሦስተኛው የመከለያዎቹ እጥፋት ነው፦ አላቸው ወይ? ካላቸው ጫፍ ላይ ብቻ ነው ወይስ ከዳር እስከ ዳር? አራተኛው ያ ጥቁር ጉብታ ነው፤ ኮማታ ይባላል። ከመተላለፊያው ግራና ቀኝ የሚከመር የካልሳይት (የኖራ ድንጋይ ማዕድን) ጠርዝ ነው።

ግድግዳውን አጉላና ተመልከት። ውጪው ላይ እንደ መስመር የቀጠነ ጥቁር ንብርብር ታገኛለህ። ከሥሩ ወፈር ያለ ንብርብር አለ፤ ጎን ለጎን የቆሙ ደቃቅ ቱቦዎች ያሉበት፣ በቁራጩ ላይ ቀጫጭን ቋሚ መስመሮች መስሎ የሚታይ። ይህ ኬሪዮቴካ ነው። ኬሪዮቴካ ካለ ወደ ሽዋገሪኒድ ቤተሰብ ገብተሃል ማለት ነው። የቀደሙት እነ ፉዙሊኔላ ይህ የላቸውም።

አሁን «ሀ»ን እንመልከተው። ልጅነቱ ላይ ጥብቅ ጥቅልና ወፍራም ኮማታ አለው። ከዚያ ድንገተኛ መነፋት ይመጣል። የውጪ ዙሮቹ መከለያ ቀጥ ያለ ነው። በመጽሐፍህ ቋንቋ ይህ ሱዶሽዋገሪና ነው። ልጅነቱ ጥብቅ ሆኖ መከለያው ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በኃይል የታጠፈ ቢሆን ኖሮ ፓራሽዋገሪና እንለው ነበር።

ወረቀቱ ለምን «ሽዋገሪና ፕሪንሴፕስ» እንደሚል ግን ጋሼ ቢነግሩህ ይሻላል። ጋሼ፣ ካሉ ብቅ ይበሉ!

አሮጌው_ሌንስ፦

አለሁ ልጆቼ። ይህን ጥያቄ ሳየው ደስ አለኝ። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ነገሩ የሚጀምረው ከክርስቲያን ጎትፍሪድ ኤረንበርግ ነው። በርሊን የነበረ፣ ዕድሜውን ማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሶ ያሳለፈ ሰው ነው። በ1842 ከሰሜን ሩሲያ የመጣ አንድ ቅሪተ አካል «ቦሬሊስ ፕሪንሴፕስ» ብሎ ሰየመ። ቦሬሊስ ዛሬም ሞቃት ባሕር ውስጥ የሚኖር ሌላ ፎራሚኒፌራ ነው። ዝምድና የላቸውም፤ የውጪ ቅርጻቸው ብቻ ይቀራረባል። የፉዙሊኒድ ግድግዳ ከደቃቅ የካልሳይት ቅንጣቶች የተገነባ ነው፤ የቦሬሊስ ግን አሠራሩ ፍጹም የተለየ ነው። በዚያ ዘመን ውስጡን ቆርጦ ማየት ገና ልማድ አልሆነም ነበርና በኤረንበርግ መፍረድ አይገባም።

በ1877 ቫለሪያን ፎን ሞለር የሩሲያን ፉዙሊኒዶች በሰፊው አጠና። ሽዋገሪና የሚለውን ጂነስ ያቋቋመው እሱ ነው። የጂነሱ መሠረት፣ ማለትም ታይፕ ዝርያው፣ የኤረንበርግ ፕሪንሴፕስ ሆነ። እንግዲህ ጣጣው እዚህ ላይ ነው። ሞለር በእጁ የነበሩት ዛጎሎች ያበጡ፣ መከለያቸው ቀጥ ያለ፣ ልክ እንደ አንተ «ሀ» ያሉ ነበሩ። ኤረንበርግ የሰየመው እነዚህኑ ነው ብሎ አመነ።

ከዚያ በኋላ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ፣ የትም አገር ያለ ባለሙያ «ሽዋገሪና» ሲል ያበጠውን ዛጎል ማለቱ ነበር። በ1924 ቢድና ክኒከር የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ቴክሳስ ውስጥ ያገኟቸውን ያበጡ ዝርያዎች በዚሁ ስም ገለጹ። ሽዋገሪና ብቅ ያለበት ንብርብር የፐርሚያን ዘመን መጀመሪያ ነው ብለውም ተከራከሩ። ስሙ የጂነስ ስም ብቻ ሳይሆን የዘመን ምልክት ሆነ ማለት ነው።

በ1936 ካርል ደንባርና ጆን ስኪነር የኤረንበርግን ናሙናዎች መልሰው መረመሩ። ያገኙት ነገር ብዙ ሰው አስደነገጠ። የእውነተኛው ፕሪንሴፕስ መከለያ በኃይል የታጠፈ ነው። ጥብቅ ልጅነት፣ ድንገተኛ መነፋት፣ ቀጥ ያለ መከለያ የሚባል ነገር የለውም። ከሞለር ዛጎሎች ጋር የሚያገናኘው በጣም ጥቂት ነው።

ስለዚህ ስሙ ናሙናውን ተከትሎ ሄደ። ሽዋገሪና የሚለው ስም ያን ጊዜ ሱዶፉዙሊና ለሚባሉት፣ መከለያቸው በሙሉ ለታጠፈ ዛጎሎች ሆነ። ያበጡት ስም አልባ ቀሩ። ደንባርና ስኪነር ለእነሱ ሁለት አዲስ ጂነስ አወጡ፦ ሱዶሽዋገሪናና ፓራሽዋገሪና። የሱዶሽዋገሪና ታይፕ ዝርያ ራሱ ቢድና ክኒከር በ1924 የገለጹት የቴክሳሱ ኡዴኒ ነው።

እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነገር ነው። ሱዶፉዙሊናን በ1931 ያወጡት ራሳቸው ደንባርና ስኪነር ነበሩ። ማስረጃው ሲመጣ የራሳቸውን ስም ለሽዋገሪና መሥዋዕት አደረጉት። ይህን ማድረግ ለተመራማሪ ቀላል አይደለም።

መለያ ወረቀትህ እንግዲህ በሞለር ትርጉም የተጻፈ ነው፤ መጽሐፍህ ደግሞ በ1936ቱ። ሁለቱም ስለ ዛጎሉ ያዩት አንድ ነው፤ የተለያየው ስሙ የታሰረበት ቦታ ነው።

ክፍልፋይ፦

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ይህን በአንድ ቦታ ተሰብስቦ አንብቤው አላውቅም።

አንድ ነገር ግን ይቆረቁረኛል። ዓለም ሁሉ ከ50 ዓመት በላይ አንድ ስም በአንድ ትርጉም ሲጠቀም ኖሮ፣ ስለ አንድ የድሮ ናሙና ብሎ ሁሉን መገልበጥ ትክክል ነው?

ቀደምት_ስም፦

ይህን ጥያቄ ስለጠየቅክ አመሰግናለሁ፤ እኔ ትክክል አልነበረም ከሚሉት ነኝ። ጋሼ ይቅርታ ያድርጉልኝና በአክብሮት ልቃወም።

የስም ሥራው መግባባት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1936 በኋላ ምን እንደተፈጠረ እንመልከት። አሜሪካኖቹ በአብዛኛው አዲሱን ትርጉም ያዙ። ብዙዎቹ የሶቪየት ተመራማሪዎች ሽዋገሪናን በሞለር ትርጉም መጠቀማቸውን ቀጠሉ። «ሽዋገሪና» የሚል የዝርዝር ሠንጠረዥ ስታነብ ጸሐፊው የየት አገር ሰው ነው ብለህ መጠየቅ ግድ ሆነ። ያው ቃል በአንዱ መጽሐፍ ያበጠ ዛጎል ነው፤ በሌላው እንዝርት መሰል። ከዚህ የከፋ ግራ መጋባት አለ?

ሕጉም ቢሆን ይህን ያውቃል። ፎራሚኒፌራ እንስሳት ባይሆኑም ስማቸው የሚገዛው በእንስሳት ስያሜ ዓለም አቀፍ ሕግ ነው። ከ2000 መጀመሪያ ጀምሮ የሚሠራው አራተኛው እትም አንቀጽ 70.3 ላይ ልክ እንዲህ ያለውን ጉዳይ ያነሳል። የጂነሱ ታይፕ ዝርያ በስህተት የተለየ ሆኖ ከተገኘ፣ ተመራማሪው ከሁለት አንዱን መምረጥ ይችላል። በስም የተጠቀሰውን ዝርያ ይይዛል፤ ወይም የጂነሱ መሥራች በእርግጥ በእጁ የነበረውን። የትኛው ይመረጣል? ለስም መረጋጋት የሚበጀው። ይህ አንቀጽ በ1936 ኖሮ ቢሆን ሽዋገሪና ባለበት ይቀር ነበር፤ ሱዶሽዋገሪና የሚባልም ነገር ባልኖረ።

አሮጌው_ሌንስ፦

ምን ይቅርታ ያስፈልገዋል፤ ክርክሩ የሚገባ ክርክር ነው። አንቀጹንም በትክክል ነው ያስቀመጥከው።

እኔ ግን ከደንባርና ስኪነር ጋር ነኝ፤ ምክንያቴን ልንገርህ። «ዓለም የተስማማበት ትርጉም» ያልከውን ጠጋ ብለህ እየው። በሞለር ትርጉም ሽዋገሪና የተባለው ምን ነበር? ያበጠ ሁሉ። አንዳንዱ ልጅነቱ ላይ ወፍራም ኮማታ አለው፤ ሌላው የለውም። አንዱ መከለያው ቀጥ ያለ ነው፤ ሌላው እስከ ጫፍ የታጠፈ። የፓራሽዋገሪና ታይፕ የሆነው ጋይጋንቲያ ራሱ በ1932 ሲገለጽ ሽዋገሪና ተብሎ ነበር። ሰዎቹ የተስማሙት በስሙ ላይ እንጂ በይዘቱ ላይ አልነበረም።

ናሙናው ሲከፈት ሰው ሁሉ ውስጡን ለመመልከት ተገደደ። ያበጡት እነማን ናቸው የሚለው ጥያቄ የተነሳው ያኔ ነው። ስሙ ባለበት ቢቀጥል ኖሮ ያ ጥያቄ ብዙ ይዘገይ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ቀደምት_ስም፦

የመጨረሻው ነጥብ ጠንካራ ነው፤ እቀበለዋለሁ። ሆኖም ውስጡን መመርመርና ስሙን ማዛወር ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ሞለር የያዘውን ዛጎል የጂነሱ መሠረት አድርጎ አጽንቶ፣ ከዚያ ያበጡትን እርስ በርስ መለየት ይቻል ነበር። ስሙ ለተሳሳተው ዛጎል ሳይሆን ለተጠናው ዛጎል ይቆይ ነው የምለው።

ንብርብር፦

እኔ የሥነ ንብርብር ሰው ነኝ። ከስያሜ ሕጉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ሥራ ላይ የሚያመጣው ጣጣ ነው።

ፉዙሊኒዶች የተወደዱት ዘመን ስለሚናገሩ ነው። በፍጥነት ተለዋወጡ፤ ጥልቀት በሌለው ሞቃት ባሕር ውስጥ በብዛት ኖሩ። ከጉድጓድ ቁፋሮ የሚወጣ የድንጋይ ፍርፋሪ ውስጥ እንኳ ይገኛሉ። ስኪነር ራሱ የነዳጅ ኩባንያ ጂኦሎጂስት ነበር፤ ይህ በአጋጣሚ የሆነ አይደለም። ቁፋሮው የትኛው ንብርብር ላይ እንደደረሰ በእነዚህ ዛጎሎች ይታወቅ ነበር።

እንግዲህ «የሽዋገሪና ንብርብር» የሚል የድሮ ሪፖርት አነበብኩ እንበል። በሞለር ትርጉም ከሆነ የፐርሚያን ጅማሬ ላይ ነኝ። በ1936ቱ ትርጉም ከሆነ ግን ሽዋገሪና ረዘም ያለ ዘመን የኖረ ጂነስ ነው፤ ያን ያህል አጥብቦ አይነግረኝም። በአንድ ቃል ምክንያት ሚሊዮን ዓመታት ይንሸራተታሉ።

ዛሬ የካርቦኒፌረስና የፐርሚያን ድንበር የሚለካው በካዛክስታን አይዳራላሽ በተባለ ወንዝ ዳር ባለው የድንጋይ ገጽ ነው። በ1996 ነው የጸደቀው። ዕድሜው 298.9 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። ድንበሩን እንዲያመለክት የተመረጠው ፉዙሊኒድ ሳይሆን ኮኖዶንት፣ ማለትም ጥርስ መሰል ደቃቅ ቅሪት የተወ የጠፋ የባሕር እንስሳ ነው፤ ስትሬፕቶግናቶደስ አይሶላተስ የሚባል። ኮኖዶንቶች ከቦታ ቦታ ሰፋ ብለው ይገኛሉ፤ ፉዙሊኒዶች ግን በባሕር ክልል የተከፋፈሉ ናቸው።

ከድንበሩ በላይ ያሉትን የአሴሊያን (የፐርሚያን የመጀመሪያው እርከን) ንብርብሮች ለመከፋፈል ግን ዛሬም ያበጡት ዛጎሎች ዋና ናቸው። በኡራል አካባቢ የስፌሮሽዋገሪና ሞለሪ ዞን የሚባል አለ። ስሙን ልብ በሉልኝ፤ የሞለር መታሰቢያ ነው። ጂነሱን ቢያጣም ስሙ እዚያ ቆሟል።

ክፍልፋይ፦

ስፌሮሽዋገሪና ደግሞ ምንድን ነው? ሦስተኛ ያበጠ መጣ ማለት ነው?

ስስ_ቁራጭ፦

ሦስተኛ ብቻ አይደለም፤ ሮቡስቶሽዋገሪና አለ፤ ዜሊያ አለ፤ ኦክሲደንቶሽዋገሪና አለ። ስፌሮሽዋገሪና ሉል ሊባል የሚችለው ነው፤ መከለያው እጥፋት የለውም ማለት ይቻላል።

ዋናው ነገር ደግሞ ይህ ነው። ማበጥ አንዴ ብቻ የተከሰተ አይመስልም። የሱዶሽዋገሪናን ልጅነት ብቻ ለይተህ ብታየው ትሪቲሳይትስ ከሚባለው ቀደም ያለ ፉዙሊኒድ አትለየውም፦ ትንሽ፣ ጥብቅ፣ ኮማታው ወፍራም። ስለዚህ ብዙዎች ከትሪቲሳይትስ መሰል ቅድመ አያት የወጣ ነው ይላሉ። የፓራሽዋገሪና ልጅነት ግን መከለያው የታጠፈ ነው፤ መነሻው ሌላ ይመስላል። ሁለት የተለያዩ ዘሮች እያንዳንዳቸው በየራሳቸው አበጡ ማለት ነው። ይህ እውነት ከሆነ ማበጥን የጂነስ መለያ ማድረግ የማይዛመዱትን አንድ ቤት ውስጥ ማስገባት ነው።

ለዚህ ነው ልጅነት ላይ ሙጭጭ የምለው። ፉዙሊኒድ ሲያድግ የቀድሞውን ዙር አያፈርስም፤ በላዩ ላይ ይጠቀልላል። ከመጀመሪያዋ ክፍል እስከ መጨረሻው ዙር ድረስ ያለው ዕድገት በሙሉ አንድ ቁራጭ ላይ ተቀምጦ ይጠብቅሃል። ከቅሪተ አካላት መካከል እንዲህ ያለ ነገር የሚሰጡ ብዙ አይደሉም።

አዲስ_ገቢ፦

ሰላም፣ ከውጪ ሆኜ ስከታተል ነበር። ምናልባት የዋህ ጥያቄ ይሆናል፤ ለምን ዲኤንኤ አይመረምሩም? ክርክሩን አይጨርሰውም?

አሮጌው_ሌንስ፦

ጥያቄህ መልካም ነው ልጄ። ዛሬ በሕይወት ባሉት ፎራሚኒፌራ ላይ ዲኤንኤ ብዙ ለውጧል። በ2013 ፓውሎቭስኪና ባልደረቦቹ በዲኤንኤ ላይ ተመሥርተው የላይኛውን አመዳደብ እንደገና አዋቅረዋል። ፉዙሊኒዶች ግን በፐርሚያን መጨረሻ፣ ከ252 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት፣ ሙሉ በሙሉ ጠፍተዋል። ትልልቆቹ እንዲያውም ከዚያ ስምንት ሚሊዮን ዓመት ያህል ቀድመው ሄደዋል። እንዲህ ባለ ድንጋይ ውስጥ ዲኤንኤ አይቀርም። ካልሳይቱ ብቻ ነው ያለን። ፉዙሊኒዶችን ከነዘመዶቻቸው ለብቻቸው አንድ ትልቅ ክፍል የሚያደርጓቸው ሊቃውንት አሉ፤ እነሱም የሚከራከሩት በግድግዳ አሠራር ነው።

አዲስ_ገቢ፦

ገባኝ፣ አመሰግናለሁ። ሲቲ ስካንስ? ሳይቆረጥ ውስጡን ማየት አይቻልም?

ስስ_ቁራጭ፦

ይሞከራል። አስቸጋሪው ነገር ዛጎሉም ካልሳይት፣ የሞላው ደለልም ብዙ ጊዜ ካልሳይት መሆኑ ነው። ለኤክስሬይ ሁለቱ አንድ ይመስላሉ። ክፍሎቹ ባዶ ከሆኑ ወይም በሌላ ማዕድን ከተሞሉ ደስ የሚል ምስል ይገኛል። ኬሪዮቴካን የመሰለ ደቃቅ ነገር ለማየት ግን እስካሁን ስስ ቁራጭን የሚተካ አላየሁም።

ክፍልፋይ፦

ወደ «ለ» ልመልሳችሁ። ከዚያው ድንጋይ ሳይቆረጡ የቀሩ ዛጎሎች አሉ፤ መልካቸው ከ«ለ» ጋር አንድ ነው። አንዱን በትክክል መቁረጥ እፈልጋለሁ። እንዴት ልጀምር?

ስስ_ቁራጭ፦

እሰይ! ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። ቀስ ብለህ ተከተለኝ።

መጀመሪያ የምትፈልገውን ወስን። በዘንጉ ርዝመት፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ የተቆረጠ ቁራጭ የመከለያ እጥፋትንና ኮማታን ያሳያል። ዘንጉን አቋርጦ የተቆረጠው ደግሞ የጥቅሉን መስፋትና በየዙሩ ያሉትን መከለያዎች ለመቁጠር ነው። ከአንድ ዛጎል ሁለቱንም አታገኝም። ለአንተ ጥያቄ የሚጠቅመው የመጀመሪያው ነው።

ዛጎሉ ያለበትን ድንጋይ በትንሹ ቁረጥና ሁለቱ ጫፎች ከመስታወቱ እኩል እንዲርቁ አድርገህ ያዘው። በካርቦረንደም ዱቄትና በውሃ መስታወት ላይ ፍጨው። መጀመሪያ ሻካራውን ተጠቀም። መከለያዎቹ መታየት ሲጀምሩ ወደ ደቃቁ እለፍ። ከዚያ በኋላ አትቸኩል። በጥቂት በጥቂቱ ፈጭተህ እጠበው፤ እርጥብ እያለ በማጉያ መነጽር እየው። ውሃው እንደ ቫርኒሽ ሆኖ ውስጡን ያወጣልሃል። ዙሮቹ ወደ መሃል እየጠበቡ ሲመጡ ልትደርስ ነው። የመጀመሪያዋ ክፍል ከአንድ ሚሊሜትር በእጅጉ ታንሳለች፤ ጥቂት ዙር እጅህን ካበዛህ ጠፋች። እሷ ስትከፈት፣ ሰፍታ ከፍተኛው ስፋቷ ላይ ስትደርስ አቁም።

ያንን ፊት አለስልሰህ፣ አድርቀህ፣ መስታወቱ ላይ በኢፖክሲ ለጥፈው። አሁን ከጀርባው በኩል ፍጨው፤ ብርሃን ጥርት ብሎ እስኪያልፍበት። ኬሪዮቴካው ሲለይ በቃ።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ቁራጩ ከመሃል ወደ ጎን ከወጣ እጥፋት የሌለው መከለያ እንኳ የታጠፈ ሊመስል ይችላል፤ በጫፍ ያለችው ትንሽ እጥፋት መሃል ድረስ የዘለቀች ትመስላለች። ኮማታውም ይሰወራል። «ለ» ላይ ያየኸው እጥፋት እውነት ይሁን የአቆራረጡ ውጤት የማናውቀው ለዚህ ነው። በዚህ ምክንያት ብቻ አዲስ ዝርያ ተብለው የተሰየሙ ዛጎሎች አሉ።

ቀደምት_ስም፦

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፤ ከ«ለ» ጋር ይያያዛል። ፎራሚኒፌራ በሁለት መልክ ይገኛሉ። በአብዛኛው የምናገኘው የመጀመሪያ ክፍሉ ተለቅ ያለው ነው። አልፎ አልፎ ግን የመጀመሪያ ክፍሉ እጅግ ትንሽ፣ ዛጎሉ ግን በጣም ትልቅ የሆነ ይመጣል። ሁለቱ የአንድ ዝርያ ሁለት ትውልዶች ናቸው፤ አንዱ ያለ ጾታ በመራባት ይገኛል፣ ሌላው በጾታ። በድሮ ጊዜ ለየብቻ ስም የተሰጣቸው ብዙ ናቸው። ከዚያው ድንጋይ ከተቻለ ጥቂት ዛጎሎች ቁረጥ። በአንድ ዛጎል ዝርያ አይታወቅም።

ክፍልፋይ፦

ተመለስኩ። ስስ_ቁራጭ፣ እንዳልሽው አደረግሁ፤ ቀደምት_ስም፣ ያንተንም ምክር ሰምቼ ከአንድ በላይ ቆርጫለሁ። አንደኛው በጣም ጥሩ ወጣ። የመጀመሪያዋ ክፍል ክብ ሆና መሃል ላይ ተቀምጣለች።

ያየሁት ይህ ነው። ልጅነቱ ላይ ጥብቅ የሆነ የተለየ ክፍል የለም። ዙሮቹ ከመጀመሪያ ጀምረው በእኩል እየሰፉ ይሄዳሉ። መከለያዎቹ ከጫፍ እስከ ጫፍ የታጠፉ ናቸው፤ እጥፋታቸው እርስ በርስ የተደራረበ ቅስት ሆኖ ይታያል። ኮማታ የመጀመሪያዎቹ ዙሮች ላይ ትንሽ ትንሽ አለ፣ ከዚያ ይጠፋል። ኬሪዮቴካው ወፍራም ነው። ሌሎቹም ቁራጮች ከዚህ አይለዩም።

ስስ_ቁራጭ፦

በጣም ጎበዝ! መልሱን ራስህ ጽፈኸዋል። በ1936ቱ ትርጉም ይህ ሽዋገሪና ነው። የሚቀርህ የመከለያዎቹን የታችኛውን ጠርዝ ማየት ነው። የአጎራባች መከለያዎች እጥፋት ተገናኝቶ ወለሉ ላይ የማያቋርጥ መተላለፊያ ከሠራ ወደ ፓራፉዙሊና ትሄዳለህ። ለዚህ ከዛጎሉ ወለል ጋር ትይዩ የሆነ፣ ላይ ላዩን የተፈጨ ቁራጭ ያስፈልግሃል።

ንብርብር፦

የራሺያና የጃፓን ጽሑፎችን ስታነብ ግን ይህንኑ መልክ ሱዶፉዙሊና ሲሉት ታገኛለህ። ሱዶፉዙሊናን ከሽዋገሪና ለይተው የያዙ ብዙ ናቸው፤ ያ ክርክር አልተዘጋም። ስለዚህ ስሙን ስትጽፍ የማንን ትርጉም እንደያዝክ አብረህ ጻፍ።

ቀደምት_ስም፦

በዚህ ከንብርብር ጋር ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። ስሙን ማዛወሩ ትክክል አልነበረም ብዬ አሁንም አምናለሁ። ሆኖም ዛሬ ወደ ሞለር ትርጉም እንመለስ ብል ያንኑ ግራ መጋባት ለሁለተኛ ጊዜ መፍጠሬ ነው። ሱዶሽዋገሪና አሁን በመላው ዓለም የሚታወቅ ስም ሆኗል።

ክፍልፋይ፦

ታዲያ የድሮዎቹን መለያ ወረቀቶች ምን ላድርጋቸው? ስህተት ናቸው ብዬ ልቀይራቸው?

አሮጌው_ሌንስ፦

እንዳታደርገው! የድሮውን ወረቀት ከናሙናው አትለየው። ያ ሰው የጻፈው በዘመኑ ትክክል ነበር። ነገ አንድ ሰው የድሮ ሪፖርት ይዞ መጥቶ «ሽዋገሪና ፕሪንሴፕስ ያላችሁት የቱ ነው?» ቢል ማገናኛው ያ ወረቀት ብቻ ነው።

ሁለተኛ ወረቀት ጨምርበት። ለ«ሀ» እንዲህ ጻፍ፦ «ሱዶሽዋገሪና፣ ዝርያው ያልተወሰነ። በቀድሞ ወረቀት ሽዋገሪና ፕሪንሴፕስ በሞለር ትርጉም፤ የኤረንበርግ አይደለም።» ለአዲሶቹ ቁራጮች፦ «ሽዋገሪና በደንባርና ስኪነር 1936 ትርጉም፤ በዘንግ የተቆረጠ፣ የመጀመሪያ ክፍል የሚታይ።» ለድሮው የ«ለ» ቁራጭ ግን፦ «ሽዋገሪኒድ፤ ከመሃል የወጣ ቁራጭ፣ ጂነሱ ከዚህ አይወሰንም። ከዚሁ ድንጋይ የተቆረጡትን ይመልከቱ።» ስምህንና ቀኑን አትርሳ። ከተቆረጠው የተረፈውን ግማሽ ድንጋይም ቁጥር ሰጥተህ እዚያው መሳቢያ ውስጥ አስቀምጠው።

ክፍልፋይ፦

እሺ ጋሼ። ወረቀቶቹን ዛሬ እጽፋለሁ። ላይ ላዩን የተፈጨውን ቁራጭ እንደጨረስኩ ፎቶውን እዚሁ እለጥፈዋለሁ፤ ፓራፉዙሊና መሆን አለመሆኑን አብረን እናያለን።